ያለ ስም የመጣው ብልቃጥ

ኬታኪ ሳታርካርን መጀመሪያ ያገኘቻት የአዳራሹ ጽዳት ሠራተኛ ናት። እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የልብስ መለወጫውን ክፍል ልትጠርግ በሩን ስትከፍት፣ ልጅቱ መስታወቱ ፊት ለፊት ተቀምጣ እርጥብ ፎጣ ፊቷ ላይ ይዛለች። ሠራተኛዋ «ምን ሆንሽ ልጄ?» ብትላት፣ ኬታኪ ፎጣውን ገለጥ አድርጋ አሳየቻት። የጮኸችው ሠራተኛዋ ናት።

ኢንስፔክተር ባልቻንድራ ፑራኒክ ሲደርስ ልጅቱ ወደ ሆስፒታል ተወስዳለች። በተቀመጠችበት ቦታ የቀሩት ፎጣው፣ ወንበሩና የመስታወቱ ጠረጴዛ ነበሩ። ጠረጴዛው ላይ «ኒርማልፕራባ» የሚባለው ፊት የሚያቀላ ክሬም ብልቃጥ ተቀምጧል፤ ክዳኑ ሥር ያለው ወረቀት ገና አልተቀደደም። የናግፑርን የቁንጅና ውድድር ወጪ የሚችለው ይኸው የክሬሙ ፋብሪካ ነው። ከአገሩ የወጡ ቆነጃጅት የዓለም ዘውድ ደፍተው ከተመለሱ ወዲህ፣ ሳሙና የሚሸጠውም ጫማ የሚሸጠውም ውድድር ደጋሽ ሆኗል። የዚያን ዕለት ማታ የምታሸንፈው ልጅ ፊቷ ለአንድ ዓመት በየአውቶቡሱና በየፀጉር ቤቱ ሊለጠፍ ነበር። አሥራ ሁለት ተወዳዳሪዎች ነበሩ፤ ከተማው ግን ኬታኪ እንደምትወስደው አስቀድሞ ተስማምቶ ነበር።

«ሳሂብ፣ እዚህ ይምጡ» አለች ሱሺላ ኢንግሌ። ሱሺላ ሃያ ዓመት በፖሊስነት የሠራች፣ ነገር የማያመልጣት ሴት ናት። በክፍሉ ጥግ ካለው ወንበር ሥር የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ አሲድ ጠርሙስ ተጋድሟል፤ ባዶ ነው። ከሥሩ ያለው ሲሚንቶ ነጭ አረፋ አውጥቶ ተበልቷል።

«ወንበሩ የማን ነው?»

«የታራ ሜሽራም» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ። የተናገረው የኩባንያው የማስታወቂያ ኃላፊ ፕራቲክ ሱራና ነበር፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ፀጉሩ በዘይት የተኛ ሰው ነው። «አሁን መድረሴ ነው፤ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ አውሮፕላን ማረፊያ ነበርኩ። ከቦምቤይ የመጣችውን ዳኛ ተቀብዬ ሆቴል አደረስኳት። እንዲህ ያለ ጉድ ይጠብቀኛል ብዬ አላሰብኩም።» ወደ ወንበሩ አየና ቀጠለ። «እኔ ሰው መክሰስ አልወድም፣ ኢንስፔክተር። ግን ትናንት ሁለቱ ሲጣሉ ሁሉም ሰምቷል። ታራ ‹ዘውዱ አስቀድሞ ተሽጧል፣ እኛ ወንበር ማሞቂያ ነን› ብላት ነበር።»

ታራ ሜሽራምን ከመድረኩ አመጡለት። ረጅም፣ ጠይም፣ አንገቷ ቀጥ ያለ ልጅ ናት፤ ሃያ አንድ ዓመቷ ነው። ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት አልፎ ከኬታኪ በቀር ሌሎቹ መድረክ ላይ ሲለማመዱ እሷ አልነበረችም።

«የት ነበርሽ?»

«ውጭ።»

«ውጭ የት?»

«አየር ልቀበል ወጣሁ።»

«ማን አየሽ?»

ታራ ወደ ጫማዋ አየች። ፑራኒክ የመመዝገቢያ ቅጿን አገላበጠ። አባት፦ በሕይወት የለም። እናት፦ ነርስ።

«እናትሽ የት ሆስፒታል ነው የምትሠራው? ልጠይቃት።»

ልጅቱ ይኼኔ ደነገጠች። «እናቴን ተዉአት» አለች። «እሷን ምን አገባት?»

ለፑራኒክ ይህ በቃው። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያም በፊት በቅቶት ነበር። የቤተሰብ ስም መታወቂያ ከሚናገረው በላይ፣ ሰው ከየትኛው የትውልድ መደብ እንደሆነ ይናገራል፤ የሜሽራም አያቶች ከፑራኒክ አያቶች ጉድጓድ ውሃ መቅዳት አይፈቀድላቸውም ነበር። ፑራኒክ እንዲህ ያለውን ነገር ከልቡ ያወጣ ሰው መሆኑን ያምናል፤ ሲጠየቅም ይናገራል። ነገር ግን ያን ጠዋት ከአሥራ ሁለቱ ልጆች ይህችኛዋን ጥፋተኛ ናት ብሎ ለማመን የሚፈልገው ማስረጃ፣ ሌላዋን እንዲያ ለማለት ከሚፈልገው ያነሰ ነበር።

ክንዷን ያዛት። ከፊት ለፊቱ በር ላይ ፎቶ አንሺዎች ተኮልኩለዋል።

«በኋላ በር እናውጣት፣ ሳሂብ» አለች ሱሺላ በዝግታ።

«ለምን? የሚደበቅ ነገር አለ?»

በፊት በር ይዟት ወጣ። ታራ ፊቷን በሻርፕዋ ልትሸፍን እጇን ስታነሳ፣ ክንዷን የያዘው እሱ ነበርና አልቻለችም።

*

ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ሄደ። የኬታኪ እናት ናሊኒ ከክፍሉ በር አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ትምህርት ቤት ሠላሳ ዓመት ያስተማረች፣ ንግግሯ የተለካ ሴት ናት፤ ቀኝ እጇን በሳሪዋ ጫፍ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛለች። ጠዋት ቤተ መቅደስ እንደነበረች፣ ለልጇ ስትጸልይ ወሬው እንደደረሳት ነገረችው። ቤተሰብ አዳራሹ ውስጥ መግባት ክልክል ስለነበር አላየኋትም አለች።

ውስጥ አንዲት የበሽተኛ ረዳት የኬታኪን ፋሻ እየቀየረች ነበር። ሆስፒታሉ ውስጥ ሁሉም «አክስቴ» ነው የሚላት፤ ስሟን የሚጠይቅ የለም።

«ገለጥ አድርጊልኝ» አላት ፑራኒክ።

ገለጠችለት። ቃጠሎው ከግንባር እስከ አንገት ይደርሳል፣ የሸሚዙ ኮሌታ ከነበረበት ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የዓይን ዙሪያው፣ ቅንድቡና ከንፈሩ ደህና ነው።

«ማን ነው ያደረገብሽ?» አላት ኬታኪን።

«አላየሁም።»

«ታራ ናት?»

«አላየሁም አልኩዎት።»

«ሳሂብ» አለች ረዳቷ ፋሻውን እየመለሰች፣ «እዚህ ክፍል አሲድ የተደፋባቸው ብዙ መጥተው አይቻለሁ። አሲድ ይፈሳል፤ ቅንድብ አይመርጥም።»

«አንቺ ሥራሽን ሥሪ» አላት። ሴትየዋም ሥራዋን ሠራች።

ሰኞ ጠዋት ጋዜጣው «ቅናት ያሳወራት ቆንጆ» የሚል ርዕስ አውጥቶ የታራን ፎቶ ገጹን ሙሉ አትሞታል። በፎቶው ላይ የፑራኒክ እጅ በደንብ ይታያል። የበላይ አዛዡ ደውሎ አመሰገነው። ከኒርማልፕራባም አንድ ካርቶን ጣፋጭ ለጣቢያው መጣ። ፖሊሶቹ ተከፋፈሉት። ሱሺላ አልነካችም፤ የኬታኪን ሰማያዊ የጥጥ ሸሚዝ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«ቀዳዳ ይፈልጉልኝ» አለችው።

አንድም አልነበረም። ሲሚንቶ የበላ አሲድ የጥጥ ክር እንኳ አልነካም።

«ብልቃጡስ?» አለች። «ልጅቱ በየቀኑ ይህን ክሬም እንደምትቀባ በጋዜጣ ሲለፈፍ ከርሟል። ጠረጴዛዋ ላይ ያለው ግን አልተከፈተም። የምትቀባው የታለ?»

ፑራኒክ የሸሚዙን እጅጌ አጠፈ።

«ይህን ሁሉ ትናንትም አይተውታል፣ ሳሂብ» አለችው።

«አይቻለሁ» አለ። አይቶ ነበር። ሸሚዙን አይቷል፣ ቅንድቡን አይቷል፣ ወረቀቱ ያልተቀደደውን ብልቃጥ በእጁ አንስቷል። ማየት ከጀመረ ክንዷን መልቀቅ ነበረበት፤ ፎቶ አንሺዎቹ ደግሞ ከበሩ ላይ ነበሩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሱ ያፈሰሰው ግን የሰው ስም ነው፣ አይለቀምም።

*

ከሱሺላ ጋር ተመልሶ ሆስፒታል ሲገባ ረዳቷ መተላለፊያው ላይ ጠበቀችው። ጋዜጣው አራት ቦታ ታጥፎ በእጇ ላይ አለ።

«ሳሂብ፣ ይህች ልጅ የኔ ናት» አለችው።

ፑራኒክ ወዲያው አልገባውም።

«ታራ። የወለድኳት እኔ ነኝ። ቅጹ ላይ ነርስ ብላ ጽፋለች አሉ። አልፈርድባትም፤ የሽንት ዕቃ የምታጥብ ሴት ልጅ ናት ቢባል ማን መድረክ ላይ ያወጣታል? ትናንት የጫማዋ ማሰሪያ ተበጥሶ ነበርና አሰፍቼ አመጣሁላት። ኋለኛው በር ላይ ተገናኘን። ካለእኔ ማንም አያሳምርልሽም ብዬ ፀጉሯን እንደገና ሠራሁላት፣ ጊዜው ሄደ። ዘበኛውም ከእኛ ጋር ሲያወራ ነበር፤ ይጠይቁት።»

«ለምን ትናንት አልነገርሽኝም?» አለና ወዲያው ራሱ አስታወሰ። ትናንት ሥራሽን ሥሪ ብሏት ነበር። ማንን እንዳሰረም አልነገራትም። እሱ የልጇን ክንድ ይዞ በዋለበት ቀን እሷ የኬታኪን ቁስል ስታጥብ ነው የዋለችው።

«ስምዎ ማን ነው?» አላት።

ሴትየዋ ቀና ብላ አየችው። «ሱጃታ።»

«ሱጃታ፣ በሩ ላይ እያላችሁ ሌላ ሰው አይታችኋል?»

«የክሬሙ ኩባንያ ነጭ መኪና ገባ። ሦስት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው። ያ ፀጉሩን በዘይት የሚያስተኛው ሰውዬ ራሱ እየነዳ። ታራ ሲመጣ አየችውና…» ጋዜጣውን አንድ ጊዜ ደግማ አጠፈችው። «እንዳያየኝ ብላ ወደ ዛፉ ጀርባ ገፋ አደረገችኝ። ስለዚህ ነው የማትነግርዎት። አየሁት ብትል፣ ‹ከማን ጋር ሆነሽ?› ይሏታል።»

ሱሺላ ስልክ ልትደውል ወረደች። ሱጃታ ግን ገና አልጨረሰችም።

«አንድ ነገር ልጨምር። ትናንት ለኬታኪ እናት ውሃ ስሰጣት በግራ እጇ ነው የተቀበለችኝ። የተማረች ሴት ናት፣ መምህርት፤ እንዲህ ያለ ብልግና አይጠበቅባትም። ንቃኝ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ማታ እንቅልፍ ሲወስዳት ግን ቀኝ እጇ ከሳሪው ወጣ። የሁለት ጣቶቿ ጫፍ ተልጧል፣ ልክ እንደ ልጅቱ ፊት።»

ሱሺላ ደረጃውን እየሮጠች ተመለሰች። ከቦምቤይ የሚመጣው አውሮፕላን ዘግይቶ የደረሰው ቀትር ላይ ስድስት ሰዓት ነው። ሱራና ዳኛዋን ሆቴል አድርሼ መጣሁ ባለበት ሰዓት ዳኛዋ ገና ከቦምቤይ አልተነሳችም ነበር። የኋለኛው በር ዘበኛም ሱጃታ ያለችውን ሁሉ በስልክ አረጋገጠ።

*

ፑራኒክ ናሊኒን ባዶ ክፍል ውስጥ አስገብቶ በሩን ዘጋ።

«እጅዎን ያሳዩኝ።»

ብዙ አልተከራከረችም። ሳሪውን ፈታችና እጇን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፤ ተማሪ ለአርጩሜ እጁን እንደሚዘረጋ።

«ብልቃጡን ሱራና ነው የሰጠን» አለች። «ስም የሌለው፣ ምንም ያልተለጠፈበት። ሱቅ የሚሸጠው ክሬም በአርባ ቀን ያቀላል ይላሉ፤ አያቀላም፣ እነሱም ያውቁታል። ይህኛው ለማስታወቂያው ተብሎ የተሠራ ነው። የቀለም ካርድ ሰጡን፣ ከጥቁር እስከ ነጭ በመስመር። ኬታኪ እስከ ውድድሩ ቀን ድረስ በካርዱ ላይ ሦስት ደረጃ መቅላት አለባት ተባለ። ያኔ ዘውዱም ውሉም የሷ ነው። ትንሽ፣ ለአምስት ደቂቃ ብቻ ቀቡ አለን። ሁለት ደረጃ ቀላች። ሦስተኛው እምቢ አለ።»

«እሑድ ጠዋትስ?»

«ተደብቄ ገባሁ። ካርዱን ጉንጯ ላይ አስጠግቼ አየሁ፤ አልደረሰችም። አብዝቼ ቀባኋት። ዓይኗንና ቅንድቧን በጥንቃቄ እየዘለልኩ። ሃያ ደቂቃ አቆየሁት።» የተላጡትን ጣቶቿን አየች። «ሳጥበው ቆዳው ከእጄ ጋር መጣ። ለሱራና ደወልኩ። ሲመጣ ሐኪም ይጠራል ብዬ ነበር። በሩን ዘጋና ብልቃጡን ኪሱ ከተተ፣ አዲስ አስቀመጠ። ‹የቀባሽው አንቺ ነሽ፣ የምትታሰሪውም አንቺ ነሽ› አለኝ። አሲዱን ከመጸዳጃ ቤት አምጥቶ ከታራ ወንበር ሥር ደፋው። ሰው እስኪጠፋ ጠብቆ እኔን በኋላ በር አስወጣኝ፣ ለኬታኪ ሰው እስኪመጣ ቁጭ በይ አላት። እሷም ተቀመጠች።»

ሐኪሙ ለፑራኒክ ነግሮት ነበር፤ ኬታኪ ወዲያው መጥታ ቢሆን ኖሮ የፊቷ እኩሌታ ይተርፍ ነበር።

«ታራ በናንተ ፈንታ ታስራ አደረች» አላት።

«አውቃለሁ። ሌሊቱን ሙሉ አውቅ ነበር።» ከዚያ ጠየቀችው፦ «ሴት ልጅ አለዎት?»

«አለችኝ።»

«ቀይ ናት?»

«ጠይም ናት።»

«ሽማግሌ ሲመጣ ምን ይላሉ?»

ፑራኒክ ወለሉን አየ። ሦስት ጊዜ መጥተው ሦስቴም ሻይ ጠጥተው ሄደዋል። ከሦስተኛው በኋላ ባለቤቱ ከሥራ ሲመለስ ክሬም እንዲገዛ አዘዘችው፤ እሱም ገዛ። የልጁ ክፍል መስኮት ላይ ያለው ያ ብልቃጥ ኒርማልፕራባ ነው። ለልጁ ሲሰጣት ተቀብላ «እሺ አባዬ» ያለችው ቃል አሁን ጆሮው ውስጥ ገባ፤ ቀና ብላ አላየችውም ነበር። ወረቀት አወጣና የናሊኒን ቃል ከመጀመሪያው ጀምሮ ጻፈ።

ሁሉም ነገር መታወቁን ለኬታኪ ነገራት። እሷም ከፋሻው ውስጥ «እናቴ እየቀባች ‹ያቃጥላል?› ብላ ጠይቃኝ ነበር» አለች። «‹አያቃጥልም› አልኳት። ይህንንም ጻፉት። ለሷ ብቻ አትተዉት።»

ጻፈው።

*

ሱራና ቢሮው ውስጥ ሲያዝ ፈገግ አለ። «አየር ማረፊያ ማለቴ ተሳስቼ ይሆናል» አለ።

«ብልቃጡ የት አለ?»

«የምን ብልቃጥ?»

ሱሺላ የመኪናውን ወንበር ሥር ስትፈትሽ ብልቃጡን አላገኘችም፤ የቀለም ካርዱን አገኘች። የኬታኪ ስም ከላይ ተጽፎ፣ አንደኛውና ሁለተኛው ደረጃ ላይ ምልክት ተደርጓል። ሦስተኛው ባዶ ነው። ከካርዱ ጋር አዲሱን የዘውድ ማስታወቂያ ንድፍ አገኘች፤ የኬታኪ ፊት ከነመቅላቱ አስቀድሞ ተስሎበታል። ይኼኔ ሱራና ፈገግታውን አቆመ።

«እኔ ብቻዬን የወሰንኩት ይመስልዎታል?» አለ። «ፋብሪካው ውስጥ ማን እንዳስቀመመው አይጠይቁኝም?»

ፑራኒክ ጠየቀው። መልሱንም ይዞ ወደ አዛዡ ሄደ። አዛዡ አዳምጦ ሲያበቃ ብርጭቆውን ከጠረጴዛው ጠርዝ ወደ መሐል ሳበው። «የሱራና ማስረጃ አለህ፣ እሱን አቅርብ። ባለፋብሪካው ግን ብልቃጡ የኛ አይደለም ይላል፤ ስም የለበትም። ስም የሌለውን ነገር የማን ነው ትላለህ?»

«ጌታዬ፣ ለዚህ ነው እኮ ስም ያልለጠፉበት።»

«እሱን ፍርድ ቤት ያየዋል። አንተ እዚህ አቁም።»

አቆመ። ይህም በቀሪው እፍረቱ ላይ ተጨመረ። ውድድሩ በሁለተኛው ሳምንት በሌላ አዳራሽ ተካሄደ፤ ዘውዱን ሌላ ልጅ ደፋች። ጋዜጣው ደግሞ የታራን ንጽሕና ሰባተኛ ገጽ ላይ፣ ከጠፋ ውሻ ማስታወቂያ ሥር፣ በአራት መስመር አወጣው። ፎቶ አልነበረውም።

ታራ በተፈታች በአምስተኛው ቀን ፑራኒክ ጋዜጣውን ይዞ ወደ ሰፈሯ ሄደ። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ጂፑን ዋናው መንገድ ላይ ትቶ በእግሩ ገባ። በር ላይ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች እጃቸውን ገቱ። ሱጃታ ደጃፏ ላይ ቆማ ነበር፤ ይግቡ አላለችውም።

ታራ ወጣች። ፀጉሯ በአንድ ጉንጉን ታስሯል፣ ፊቷ ላይ ምንም የለም። ጋዜጣውን ተቀብላ አራቱን መስመር አነበበችና መለሰችለት።

«ይህን ማን ያነበዋል?»

«ሌላ እንዲያወጡ ነገርኳቸው። እምቢ አሉ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች። «ያን ቀን ክንዴን ሲይዙኝ፣ እኔ መሆኔን አምነው ነበር?»

አዎ ቢላት ስህተት ሆኖ ይቀርለት ነበር። ሰው ይሳሳታል።

«ራሴን አልጠየቅኩትም» አላት። «ብጠይቅ ኖሮ አልይዝሽም ነበር። አንቺ እንዳልሆንሽ የሚያሳዩትን ነገሮች ሁሉ አይቼ ነበር። ስምሽን ሰማሁና ቀለለኝ።»

ታራ እናቷን አየች።

«እኔ ሰምቻለሁ» አለች ታራ ቀስ ብላ። «የያዙኝ ግን በሰው ፊት ነው። እዚህ ያሉት ሰዎች ጋዜጣውን አይተዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ እናቴ በዚህ መንገድ ስትሄድ ይሰድቧታል፣ ስትመለስ ይሰድቧታል። ለነሱ ይንገሯቸው።»

ፑራኒክ ዞር አለ። ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ቆመዋል፤ ከየበሩ ሰው ወጥቷል፤ የብስክሌት ጠጋኙ ጎማውን እንደያዘ ቆሞ ያያል። ቆቡን አወለቀና በብብቱ ያዘው።

«ታራ ሜሽራም ምንም ጥፋት የለባትም» አለ። «እንደሌለባት የሚያሳይ ነገር እያየሁ ያሰርኳት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

መንገዱ ላይ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከወደ መጨረሻው በኩል አንድ ሽማግሌ እጁን ከጆሮው ኋላ አድርጎ፣ «ሳሂብ፣ እዚህ ያለነው አልሰማንም» አለ።

ፑራኒክ አንድ ጊዜ ወደ ታራ አየ። እየጠበቀች ነበር። ጥቂት እርምጃ ወደ መንገዱ መሐል ገባና፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ከመጀመሪያው ጀመረ።